አንድ ኩላሊት በካንሰር ከወጣ በኋላ፦ የቀረውን እንዴት እንጠብቅ?

ነርስ_ዘወርዱ (ክሩን የከፈተች)

ከኩላሊት ካንሰር ኦፕራሲዮን በኋላ ታካሚው ይዞት የሚወጣው ወረቀት አብዛኛው ስለ ቁስሉና ስለ ሲቲ ስካን ቀጠሮ ነው። ስለቀረው ኩላሊት «ውኃ በደንብ ይጠጡ» የሚል አንድ መስመር ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄው እዚህ ደጋግሞ ስለሚመጣ የምናውቀውን በአንድ ቦታ እናስቀምጥ። እኔ ከቁጥሩ ልጀምር።

አንዱ ሲወጣ የማጣራት አቅም በግማሽ ይወርዳል ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው። እንደዚያ አይደለም። የቀረው ጤነኛ ከሆነ ሥራውን ይጨምራል፤ ስለዚህ ኢጂኤፍአር የሚባለው የማጣራት ልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው በሲሶ ገደማ ነው። ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው የጡንቻ ቆሻሻ) በኦፕራሲዮኑ ማግስት ከፍ ይላል፣ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ይረጋጋል። በመጀመሪያው ሳምንት የወጣውን ውጤት ይዞ መደናገጥ አያስፈልግም፤ የሰውየው አዲስ መነሻ ሦስት ወር ሲሞላ የሚለካው ነው። ያንን ወረቀት ከነቀኑ ፎቶ አንስታችሁ ስልክ ላይ አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ድንገተኛ ክፍል ያለ ሐኪም «ይህ ክሬቲኒን አዲስ ነው የቆየ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ እዚያ ነው ያለው።

ክሬቲኒን ደግሞ ብቻውን አይነበብም። እ.ኤ.አ. በ2021 በተሻሻለው ሲኬዲ-ኢፒአይ ቀመር ብናሰላው፣ 58 ዓመት የሆነው ወንድ ክሬቲኒኑ 1.5 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ቢሆን ኢጂኤፍአሩ 54 አካባቢ ነው። በዚያው ዕድሜ ያለች ሴት በዚያው 1.5 ወደ 40 ትወርዳለች። ቁጥሩ አንድ፣ ደረጃው ሁለት። ላብራቶሪው ኢጂኤፍአሩን ካላሰላው ሐኪሙን አስልቶ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

ኢጂኤፍአሩ ከ60 በታች ሆኖ ሦስት ወር ካለፈው «ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ» ተብሎ ይጻፋል። ቃሉ ያስደነግጣል። ነገር ግን በኦፕራሲዮን ብቻ የወረደ ቁጥር፣ ከ45 በላይ ረግቶ፣ ስኳርና ግፊት ካልተጨመረበትና በሽንት አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ካልወጣ፣ በስኳር በሽታ ምክንያት እንደተጎዳ ኩላሊት በየዓመቱ እየተንሸራተተ አይሄድም። ለማንኛውም ማስተካከያ ክፍት ነኝ።

የላብ_ሰው

ጥሩ ጅማሬ ነው እህቴ። እኔ የምጨምረው ስለ ምርመራው ነው።

ክሬቲኒን ግማሹን ታሪክ ነው የሚነግረን። ሌላው ግማሽ በሽንት ውስጥ ያለው አልቡሚን ነው፤ ለብዙ ሰው ግን አይታዘዝም። በየጤና ጣቢያው ያለው በሽንት ውስጥ የሚነከረው ወረቀት ትንሽ አልቡሚን አያሳይም፤ «ኔጋቲቭ» ብሎ የሚያሳልፈው መጠን ለአንድ ኩላሊት የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። የሚፈለገው «አልቡሚን ለክሬቲኒን ሬሾ» የሚባለው ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ የመጀመሪያው ሽንት፣ መሃሉን ተቀብሎ። ከ30 ሚሊግራም በግራም በታች ጥሩ፣ ከ30 እስከ 300 መካከለኛ፣ ከ300 በላይ ከባድ። ትኩሳት ባለበት ቀን፣ የሽንት ኢንፌክሽን እያለ፣ በወር አበባ ጊዜ ወይም ከባድ ስፖርት በተሠራ ማግስት የተሰጠ ናሙና በውሸት ከፍ ስለሚል ይደገማል። በአንድ ውጤት ብቻ አይፈረድም።

ክሬቲኒኑንም የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ከምርመራው በፊት በነበረው ምሽት ጥብስ በብዛት መብላት ከፍ ያደርገዋል፤ የበሰለ ሥጋ ራሱ ክሬቲኒን አለው። የጂም ዱቄት የሚጠጡ ወጣቶች ክሬአቲን ካለበት እንደዚያው። ኮትራይሞክሳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ ኩላሊቱን ሳይጎዳ ክሬቲኒን ከሰውነት እንዳይወጣ ይይዘዋል፤ ቁጥሩ ይወጣል፣ ማጣራቱ አልተነካም። ፖታሲየም ግን በእውነት ስለሚጨምር ችላ አይባልም። በተቃራኒው በካንሰሩ ምክንያት በጣም የከሳ ሰው ጡንቻው ስላለቀ ክሬቲኒኑ ዝቅ ብሎ ደህና ያስመስላል፤ እዚያ ላይ ሲስታቲን ሲ የሚባለው ምርመራ ከተገኘ ይረዳል።

ሁልጊዜ አንድ ላብራቶሪ ተጠቀሙ። ከ1.3 ወደ 1.4 መውጣት በማሽንና በቀን ልዩነት የሚመጣ ነው። ኢጂኤፍአሩ ከመነሻው በ20 ከመቶ በላይ ሲወርድ ግን ምክንያቱ ይፈለጋል።

ሰላም_ነኝ

ስለ ሕመም ማስታገሻ አንድ የምታውቁ በሉን። ወገብ ሲያም ክሊኒክ ሄዶ ዳይክሎፌናክ መወጋት የተለመደ ነው። «አንዴ ብቻ ምንም አይልም» የሚሉም አሉ፣ በጭራሽ የሚሉም አሉ።

ፋርማሲስቱ

በጭራሽ ከሚሉት ጋር ነኝ፣ ምክንያቱን ግን ላስረዳ፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ስሙ የተቀየረ ክኒን ሲሰጡት ይቀበላል።

በኩላሊቱ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ማጣሪያ ደም የሚገባበት ቧንቧና የሚወጣበት ቧንቧ አለው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሰን፣ ፒሮክሲካም፣ ሜሎክሲካም ሁሉም የመግቢያውን ቧንቧ ክፍት የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ያግዳሉ። የግፊት መድኃኒቶቹ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን ደግሞ የመውጫውን ቧንቧ ያላላሉ። ይህ ለብቻው ጥሩ ነው፣ ግፊቱን ከማጣሪያው ላይ ያነሳል። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ላሲክስ የደሙን ፈሳሽ ይቀንሳል። ሦስቱ ሲገናኙ መግቢያው ጠበበ፣ መውጫው ሰፋ፣ የሚመጣው ደምም አነሰ፤ ማጣሪያው ላይ የሚቀር ግፊት የለም። ሁለት ኩላሊት ያለው ሰው አንዳንዴ ሳያውቀው ያልፈዋል። ባለ አንዱ መጠባበቂያውን አስቀድሞ ሥራ ላይ አውሎታል። ተቅማጥ ወይም ጾም ከተደረበበት «አንዴ ብቻ» የተባለው መርፌ ሆስፒታል ያስተኛል።

ምትኩ ፓራሲታሞል ነው፤ ለአዋቂ 500 ሚሊግራም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ፣ ጉበቱ ለታመመ ወይም ለጠጪ ከዚያ ያነሰ። ውኃ ውስጥ የሚሟሟውን ዓይነት ግን ተጠንቀቁ፤ አንዱ ፍሬ ውስጥ ሶዲየም 400 ሚሊግራም ገደማ አለ። በቀን ስምንት ፍሬ የወሰደ ሰው ከክኒኑ ብቻ 3.2 ግራም ሶዲየም አገኘ ማለት ነው፤ የቀኑ ጣሪያ 2 ግራም ነው። ለጡንቻና ለጉልበት የዳይክሎፌናክ ቅባት በትንሽ ቦታ ላይ ለጥቂት ቀን ቢቀባ ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ በጣም ያነሰ ነው፤ ጀርባ ሙሉ መቀባት ግን ሌላ ነገር ነው። ቁስሉ አካባቢ የሚያቃጥልና የሚወጋ የነርቭ ሕመም ካለ ጋባፔንቲን ሊታዘዝ ይችላል፣ መጠኑ ግን በኢጂኤፍአሩ ልክ ይቀነሳል። ትራማዶልም እንደዚያው።

የጉንፋን ቅልቅል ክኒኖችን ጀርባቸውን አንብቡ። ውስጣቸው አይቡፕሮፌን ያለባቸው አሉ፣ ግፊት የሚያወጣ የአፍንጫ ማፍታቻ ያለባቸውም አሉ።

ጀንታማይሲን የሚባለው የአንቲባዮቲክ መርፌ የግድ ካላስፈለገ አይሰጥ። ሜትፎርሚን ለስኳር ከሚወስዱት ውስጥ ኢጂኤፍአሩ ከ45 በታች የወረደ ሰው መጠኑ በቀን ወደ 1000 ሚሊግራም ይቀነስለታል፣ ከ30 በታች ከሆነ ያቆማል። ኦሜፕራዞልን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ እኛ አገር እንደ ከረሜላ ነው የሚወሰደው። አልፎ አልፎ ኩላሊቱን በአለርጂ መልክ ያስቆጣል፤ ለጨጓራ የተሰጠው የሁለት ወር መድኃኒት ካለቀ በኋላ ለዓመታት የሚቀጥልበት ምክንያት የለም።

ታዛቢ_ከሐዋሳ

ኢናላፕሪል ክሬቲኒን ከፍ ያደርጋል ተብሎ አይደል? አንድ ኩላሊት ላለው ማቆሙ አይሻልም? አምሎዲፒን የሚባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት እያለ።

የኩላሊት_ሐኪም

አይሻልም፣ ይህ ስሕተት ብዙ ሰው ይጎዳል። ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ሲጀመር ክሬቲኒን ትንሽ መውጣቱ የሚጠበቅ ነው፤ በማጣሪያው ላይ ያለው ጫና መቀነሱን ነው የሚያሳየው። በተጀመረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ክሬቲኒንና ፖታሲየም ይለካሉ። ክሬቲኒኑ ከመነሻው እስከ 30 ከመቶ ቢወጣና ቢረጋ ይቀጥላል። ለምሳሌ 1.4 የነበረው 1.7 ቢሆን አይቆምም፤ 2.0 ከሆነ ቆሞ ምክንያቱ ይፈለጋል። ባለ አንድ ኩላሊት ላይ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ወደዚያ ኩላሊት የሚሄደው የደም ሥር መጥበቡ ነው። ፖታሲየም ከ5.5 ሲያልፍ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ሌላ መላ ይፈለጋል። ደረቅ ሳል ካመጣ ወደ ሎሳርታን ይቀየራል። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሁለቱንም አትወስድም።

አልቡሚን የሌለውና ግፊቱም ደህና የሆነ ሰው ግን «ለጥበቃ» ተብሎ አይሰጠውም። አምሎዲፒን ግፊት ያወርዳል፣ አልቡሚን ግን አይቀንስም፤ ስለዚህ ምትክ ሳይሆን ተደራቢ ነው።

የግፊት ግቡ ቢያንስ ከ130/80 በታች ነው። ኬዲጎ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ፣ ሰውየው ከቻለው፣ የላይኛውን ከ120 በታች ይላል፤ ያ ቁጥር የሚሠራው ግን በሥርዓቱ ለተለካ ግፊት ብቻ ነው። ታክሲ ወርዶ ደረጃ ወጥቶ የተለካ ግፊት ዋጋ የለውም። ሽንት ተሸንቶ፣ ከቡናና ከሲጋራ ግማሽ ሰዓት ተቆይቶ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይጠላለፍ፣ አምስት ደቂቃ ያለ ወሬ ተቀምጦ፣ ክንድ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ነው። ሁለት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይጻፋል። ለወፍራም ክንድ ትንሽ ማሰሪያ ከተጠቀማችሁ በውሸት ከፍ ይላል። ቤት ውስጥ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ተለክቶ የመጣ ዝርዝር ለሐኪሙ ከአንድ የክሊኒክ ልኬት ይበልጣል።

ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚንም አሉ፣ በቀን 10 ሚሊግራም። በመጀመሪያ የወጡት ለስኳር ነበር፤ አሁን ስኳር ለሌለው፣ አልቡሚኑ ከ200 በላይ ለሆነ ወይም ልቡ ለደከመ ሰውም ይታዘዛሉ፣ ኢጂኤፍአሩ 20 እስኪደርስ ድረስ። እነሱም ሲጀመሩ ቁጥሩን በጥቂቱ ያወርዱታል። የብልት አካባቢ ፈንገስ ስለሚያመጡ ንጽሕና ይጠበቅ።

የምግብ_ባለሙያ

ሰው ሁሉ ስለ ውኃ ይጠይቃል፣ ስለ ጨው የሚጠይቅ የለም። ለኩላሊቱ ትልቁ ግን ጨው ነው፤ ግፊቱን ያወጣል፣ አልቡሚኑን ይጨምራል፣ የኢናላፕሪልን ጥቅም ያሳንሳል።

ጣሪያው በቀን 5 ግራም ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ አፉ ልክ ተደርጎ። ይህ የቀኑ ሁሉ ድምር ነው፣ ዳቦው ውስጥ ያለውም ጭምር። እኛ ቤት የሚያስቸግረው ጨው በሁለት በር መግባቱ ነው፤ በርበሬውና ሽሮው ሲፈጭ አብሮ ይፈጫል፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይነሰነሳል። መፍትሔው በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ማስፈጨት፣ ከዚያ ድስቱ ላይ በማንኪያ ለክቶ መጨመር ነው። ለአምስት ሰው በሚሆን ድስት አንድ የሻይ ማንኪያ ቢገባ ለእያንዳንዱ 1 ግራም ይደርሳል። «በእጅ ግምት» የሚለውን ተዉት። የሾርባ ኩብ ይቅር። ቡና በጨው የሚጠጣበት አካባቢ ያላችሁም እሱን ቁጠሩት። እንጀራ በተለምዶ ጨው ስለማይገባበት ከዳቦ ይሻላል። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው «ሶዲየሙ የተቀነሰ ጨው» ሶዲየሙን በፖታሲየም የተካ ነው፤ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው።

ፕሮቲን በኪሎ 0.8 ግራም ገደማ በቂ ነው፤ 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 52 ግራም። ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ በአንድ መቀመጫ የበላ ሰው ከ100 ግራም በላይ ፕሮቲን ወሰደ፤ የሁለት ቀኑን ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም አካባቢ ነው። ለበዓል ጥቂት ጉርሻ ችግር የለውም፣ በየሳምንቱ ቁርጥ ቤት መመላለስ ግን ይቅር። አንድ ነገር አስምሩበት፦ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ቁስሉ እየዳነና ሰውየው ከስቶ እያለ፣ ፕሮቲን አይከለከልም። ያኔ ትልቁ ጠላት መክሳት ነው።

ሙዝ፣ ቲማቲምና ድንች ፖታሲየሙ ለወጣ ሰው ነው የሚገደበው። በባዶ መከልከል ሰውን ያለ አትክልት ማስቀረት ነው።

ውኃ በጥማት ልክ፣ በቀን 1.5 እስከ 2 ሊትር፣ በቆላ ወይም በላብ ሥራ ከዚያ በላይ። ሽንቱ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው። አምስት ሊትር መጠጣት ኩላሊት «አያጥብም»፤ ካናዳ ውስጥ መካከለኛ የኩላሊት ድካም ባላቸው ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ውኃ ጨምረው የጠጡት በአንድ ዓመት ውስጥ የተለየ ጥቅም እንዳላገኙ አሳይቷል።

ማርታ_ሰ

ጾምስ? ሑዳዴ ሲመጣ እናቶቻችንን ማን ይመልሳቸዋል።

የምግብ_ባለሙያ

የጾም ምግቡ ራሱ ለኩላሊት መልካም ነው፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መቆየቱ ነው፣ በተለይ ላሲክስ ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጠዋት የሚውጡ ሰዎች ላይ። ኢጂኤፍአሩ የረጋና ከ45 በላይ የሆነ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ መድኃኒቱን ከሚበላበት ሰዓት ጋር ማስተካከል ይችላል። ከ30 በታች ያለ፣ ገና በኦፕራሲዮን ማግስት ያለ ወይም ኬሞ ላይ ያለ ሰው ውኃውን አይጹም። ንስሐ አባትን ማነጋገር ነው፤ ለሕመምተኛ እንደሚፈቀድ ቤተ ክርስቲያንም ታውቃለች። ረመዳንም ላይ ያው ነው። ዳፓግሊፍሎዚንን ይዞ ረጅም ሰዓት መጾም ደግሞ ደሙን አሲድ ሊያደርገው ስለሚችል ሳይጠየቅ አይደረግ።

ጸበል በሊትር ጠጥቶ ማስመለስና ተቅማጥም እዚሁ ይገባል። እምነቱን የሚነካ ነገር የለውም፤ በትንሹ ይጠጡ፣ ይጠመቁ። ኮሶና ስሙ የማይነገር ሥራሥር ግን አይነካ።

ፋርማሲስቱ

ማስመለስ ከተነሳ፦ በማንኛውም ምክንያት ማስመለስ፣ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ይዞት መብላት መጠጣት ያቃተው ሰው ኢናላፕሪል/ሎሳርታን፣ የሽንት መድኃኒት፣ ሜትፎርሚንና ዳፓግሊፍሎዚን ለጊዜው ያቆማል። በደንብ መብላትና መጠጣት ከጀመረ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ይመለሳል። ብዙዎች ማቆሙን ያስታውሳሉ፣ መመለሱን ይረሳሉ፤ ከወር በኋላ ግፊታቸው 170 ሆኖ ይመጣሉ። ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት) አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፣ በብርጭቆ አይደለም። ፓኬት ከሌለ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ልክ ልኩን ተደርጎ፣ በአንድ ሊትር።

የኩላሊት_ሐኪም

ከካንሰሩ ሕክምና ጋር የሚያያዘው እንዳይረሳ። ከኦፕራሲዮን በኋላ ፔምብሮሊዙማብ የሚሰጣቸው አሉ፤ ይህ መድኃኒት የሰውነትን መከላከያ ስለሚቀሰቅስ አልፎ አልፎ መከላከያው ኩላሊቱን ራሱን ያጠቃል። ምልክት ላይኖረው ይችላል፤ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ክሬቲኒን የሚለካው ለዚህ ነው። ኦሜፕራዞል ይህን አደጋ ይጨምራል። የኩላሊት ካንሰር ክኒኖቹ ሱኒቲኒብና ፓዞፓኒብ ደግሞ ግፊት ያወጣሉ፣ ፕሮቲን በሽንት ያስወጣሉ፤ መድኃኒቱ ሲጀመር ግፊት ቤት ውስጥ በየቀኑ ይለካ።

ስለ ኮንትራስት (ለሲቲ ስካን በደም ሥር ስለሚሰጠው ቀለም)፦ «ኩላሊት ይገድላል» ተብሎ የክትትል ሲቲ ስካን የሚዘሉ ሰዎች አሉ። ኢጂኤፍአሩ ከ30 በላይ ለሆነና ለረጋ ሰው አደጋው ትንሽ ነው፤ የተመለሰ ካንሰርን ሳያዩ መቅረት ግን ትንሽ አይደለም። ከ30 በታች ከሆነ በደም ሥር ሳላይን ይሰጣል፣ ሜትፎርሚን ካለ ይቆምና ከ48 ሰዓት በኋላ ክሬቲኒን ታይቶ ይመለሳል። ሳንባ ለማየት ኮንትራስት አያስፈልግም። ከሲቲው በፊት በነበረው ሳምንት ዳይክሎፌናክ የወሰደ ሰው ይናገር።

ቀጠሮ የማይጠበቅለት ነገር አንድ ነው፦ ሽንት መቆም። ሁለት ኩላሊት ያለው ሰው አንዱን መስመር ጠጠር ቢዘጋው በሌላው ይሸናል፤ ባለ አንዱ ግን ሽንቱ ይቆማል። ለስድስት ሰዓት ያህል ጠብ ያላለ፣ ወይም የቀረው ኩላሊት በኩል ያለው ጎን ከትኩሳትና ብርድ ብርድ ከማለት ጋር ያመመው ሰው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ፕሮስቴቱ ያበጠ ሽማግሌም ከዚህ ውስጥ ነው።

ራጅ_ክፍል

ጥቂት ከአልትራሳውንድ በኩል፦ የቀረው ኩላሊት 12 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ «ኢንላርጅድ» ተብሎ ሲጻፍ ደንግጠው የሚመጡ አሉ። ሥራ ስለጨመረ ነው ያደገው፤ የሚያሳስበው ሽንት ቋጥሮ ቢሰፋ ወይም አዲስ እብጠት ቢታይ ነው። ማዘዣው ላይ «አንዱ ኩላሊት በኦፕራሲዮን ወጥቷል» የሚል ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ባለሙያው የሌለውን ኩላሊት ሲፈልግ ይቆያል።

ሰላም_ነኝ

እግዜር ይስጣችሁ። አንድ ብቻ፦ ስዊድን ያለች እኅት የክሬቲኒን ውጤቷ 132 ነው ብላ ላከችልን፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሲያለቅስ ነው ያደረው።

የላብ_ሰው

እዚያ የሚለካው በማይክሮሞል በሊትር ነው። ለ88.4 አካፍሉት፤ 132 ማለት 1.5 ገደማ ነው። የሽንት አልቡሚንም ሚሊግራም በሚሊሞል ተብሎ ከመጣ በ8.84 አባዙት፤ 3 ያለው ወደ 27 ይሆናል፣ ከ30 በታች ነው። ዕድሜዋን ላኩልኝ፣ ኢጂኤፍአሩን አስልቼ እጽፍላችኋለሁ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የተለካ የቀድሞ ውጤት ካላት እሱንም ከነቀኑ ላኩት።